ከተራረፈ የሹራብ ክር ባለ ቁልፍ ትንሽ ቦርሳ በኪሮሽ አሠራር

ሹራብ ወይም የሕፃን ኮፍያ የሚሠራበት ቤት አንድ ፌስታል አይጠፋም። ውስጡ ትንንሽ ልቃቂቶች ተጠቅልለው ይገኛሉ። ለሌላ ሹራብ አይበቁም፤ ለመጣል ደግሞ ያሳሳሉ። ዛሬ የማሳያችሁ ከእነዚህ ክሮች የምትሠራ፣ ክዳን ያላት፣ በአንድ ቁልፍ የምትዘጋ ትንሽ ቦርሳ ናት። ስፋቷ 10፣ ቁመቷ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መቶ ብር ለሁለት ታጥፎ ይገባባታል። የባጃጅ ዝርዝር፣ ፍላሽ፣ መቁጠሪያ ወይም ሙስበሃ ትይዛለች። ከታች እስከ ላይ በዙር ስለምትሠራ ጎኗን በመርፌ መስፋት አያስፈልግም። የሚፈጀው ክር ሁሉ ተደምሮ 20 ግራም ቢሆን ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። የቦርሳ ሥራ ከሻርፕ ሥራ ይለያል። ሻርፕ ላላ ሲል ያምራል፣ ይሞቃል። ቦርሳ ከላላ ግን ሳንቲም ያፈሳል፤ ሲከርም ይለጠጣል፤ ቁልፉም ከቀዳዳው እየሾለከ ይወጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁ አብዛኛው ነገር ጠበቅ አድርጎ ስለመሥራት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የተራረፈ ክር፣ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ መቀስ፣ ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ፣ የልብስ መስፊያ ክር፣ አንድ መርፌ ቁልፍና አንድ የልብስ ቁልፍ። ሰፊ ዓይን ያለው መርፌ ካጣችሁ ትንሹ የጆንያ መርፌ ጥሩ ይሠራል። ቡና በሚጫንበት አገር እሱ አይጠፋም። መርፌ ቁልፉ የዙሩን መጀመሪያ ምልክት ማድረጊያ ነው። እሱም ባይኖር ቀለሙ የተለየ ቁራጭ ክር ይበቃል።

ቁልፉን ከክሩ በፊት ምረጡ። ቀዳዳው የሚለካው በቁልፉ ነውና። ለዚህ ቦርሳ ወርዱ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ ቁልፍ ይስማማል። ለመግዛት እዚህ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ወደሚባለው ገበያ መውጣት ነው። ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን የታወቀ የሐሙስ ገበያ ነበር። ሐሙስ ዛሬም የገበያ ቀን ስለሆነ ግፊያው ብዙ ነው፤ ተረጋግቶ ቁልፍ ለመምረጥ ሌላ ቀን ይሻላል። እኔ ግን ባትገዙ ደስ ይለኛል። ካረጀ ኮት ወይም ካፖርት የተፈታ ቁልፍ ከአዲሱ አይተናነስም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። በረንዳ ላይ ማሽን ዘርግተው የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ጠጋ ብላችሁ «ጋሼ፣ ብቻውን የቀረ ቁልፍ አይጠፋዎትም?» ብትሉ ቆርቆሮውን ገልብጠው ያስመርጧችኋል።

ክሩን መለየት

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ ሥራው እንዳትሮጡ። ብዙ ቦርሳ የሚበላሸው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ክሩን አሽትቱት። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ እርጥበቱም ቤት ድረስ ይገባል። ፌስታል ውስጥ ታፍኖ የከረመ የጥጥ ወይም የሱፍ ክር ይሻግታል። የሻገተውን በሳሙና ውኃ ዘፍዝፋችሁ፣ አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። የሚበጠስ ከሆነ በስብሷልና ለቦርሳ አይሆንም።

ቀጥሎ ውፍረቱን አስተያዩ። የተለያየ ውፍረት ያለው ክር አንድ ላይ ሲገባ ቦርሳው አንድ ቦታ ያብጣል፣ ሌላ ቦታ ይጨመደዳል። መለኪያው ቀላል ነው። እርሳስ ላይ ክሩን ሳትስቡና ሳትደራርቡ ጎን ለጎን ጠምጥሙ። በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩ። 9 ወይም 10 ከገባ ለዚህ ሥራ ልክ ነው። 18 ወይም 20 ከገባ ቀጭን ነው፤ ሁለቱን አጣምራችሁ እንደ አንድ ክር ሥሩበት። ሁለት ቀጫጭን ክሮች ቀለማቸው ከተለያየ ደግሞ የተነጠበጠበ መልክ ይወጣል። እኔ በጣም የምወደው መልክ ነው። ከ6 በታች ከገባ ወፍራም ስለሆነ ለሌላ ሥራ አስቀምጡት።

ከምን እንደተሠራ ማወቅም ይጠቅማል፤ በተለይ ወረቀቱ የጠፋበት ክር ከሆነ። የጣት ያህል ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ከሥሩ የውኃ ሳህን አስቀምጣችሁ፣ በክብሪት ለኩሱት። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና ሲነኩት የሚፈረፍር አመድ ካስቀረ ሱፍ ነው። እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ካስቀረ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ አክሪሊክ ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ነው። አክሪሊክ ለቦርሳ በጣም ጥሩ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ አይሻግትም። ካውያ ብቻ አታስነኩት፤ ይጠፈጠፍና አይመለስም።

ቀዩንና ጥቁሩን ክር ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጨምቃችሁ ሞክሩ። ቀለም ከለቀቀ ከነጭ ክር ጋር አታገናኙት። አንዴ ነጩ ላይ ከሄደ የሚያስለቅቀው የለም።

አሮጌ ሹራብ ፈትታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ክሩ ተጨማድዶ ይወጣል። በወንበር መደገፊያ ዙሪያ ጠምጥማችሁ፣ ሦስት አራት ቦታ በቁራጭ ክር ላላ አድርጋችሁ አስራችሁ፣ ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ ስቀሉት። ሲደርቅ ተቃንቶ ታገኙታላችሁ።

የእጃችሁን ጥብቀት መሞከር

ሁለት ነገር ብቻ ካወቃችሁ ይህን ቦርሳ ትሠራላችሁ። አንደኛው ሰንሰለት ነው፤ ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ክሩን እየሳባችሁ ስታወጡ የሚሠራው የቀለበት ተርታ። ሁለተኛው ነጠላ ነው፤ ከዩቲዩብ የምትማሩ ሲንግል ክሮሼ የምትሉት። የእንግሊዞችን መመሪያ የምትከተሉ ተጠንቀቁ፤ አሜሪካኖች ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ይሉታል።

ነጠላ እንዲህ ነው። ኪሮሹን ዓይኑ ውስጥ፣ ማለትም በሰንሰለቱ ወይም በታችኛው መስመር ቀለበት ውስጥ አስገቡ። ክሩን በቆልማማው አፍ ይዛችሁ ወደ ፊት አውጡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። ክሩን እንደገና ያዙና በሁለቱም ቀለበት ውስጥ አንድ ላይ አሳልፉት። አንድ ቀለበት ቀረ። አለቀ።

በ15 ሰንሰለት ጀምራችሁ ትንሽ ቁራጭ ሥሩ። ስድስት ሰባት መስመር ይበቃል። ከዚያ ወደ መስኮት አንሡት። ብርሃን በጉልህ የሚያሳልፍ ከሆነ ላልቷል፤ በ3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሞክሩ። እጃችሁ እስኪያማችሁ ከጠበቀና ኪሮሹ ዓይኑ ውስጥ አልገባ ካለ ወደ 4 ከፍ በሉ። 5 ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ዓይን ከቆጠራችሁ ከዚህ በታች ያለውን ቁጥር እንዳለ ውሰዱት። ቁራጩን ፈትታችሁ ክሩን መልሳችሁ ትሠሩበታላችሁ፤ የሚባክን የለም።

መነሻው

21 ሰንሰለት ሥሩ። ክሩን ስትጀምሩ ስንዝር ያህል ጭራ ተዉ። ከኪሮሹ ሁለተኛው ዓይን ላይ አንድ ነጠላ አስገቡ። ወደ ፊት በየዓይኑ አንድ አንድ እያላችሁ 19 ነጠላ ላይ ድረሱ። መጨረሻ በቀረው ዓይን ላይ ሦስት ነጠላ አንድ ላይ ሥሩ። ይህ ማዕዘኑን ያዞረዋል።

ሥራውን አትገልብጡ። ሽክርክር አድርጋችሁ በሰንሰለቱ በታችኛው ወገን ተመለሱ። እዚያም በየዓይኑ አንድ አንድ፣ 18 ነጠላ። የመጀመሪያው ነጠላ ያለበት ዓይን ላይ ስትደርሱ ሁለት ጨምሩበት። አሁን ዙሪያው 42 ነጠላ መሆን አለበት። ቁጠሩት። 41 ወይም 43 ከሆነ አሁኑኑ ፈትታችሁ አስተካክሉ። ዛሬ የሚፈታው አንድ መስመር ነው፤ በኋላ ግን ሙሉ ቦርሳ ይሆናል።

ዙሩ

የመጀመሪያው ነጠላ አናት ላይ መርፌ ቁልፉን አድርጉ። ከዚያ በየዓይኑ አንድ ነጠላ እያላችሁ ዙሩ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ ዙሩንም አትዝጉ። ዝም ብሎ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። መርፌ ቁልፉ ላይ በደረሳችሁ ቁጥር ወደ አዲሱ ዙር አዛውሩት። ሁለት ሦስት ዙር እስኪያልፍ ዝርግ ጨርቅ መስሎ ግራ ያጋባል። ከዚያ በኋላ ጠርዙ ቀና ይልና ኪስ መሆኑ ይታወቃል።

ሁልጊዜ በዓይኑ አናት ያሉትን ሁለቱንም ክሮች አንሡ። አንዱን ብቻ ማንሣት ጨርቁን ያሳሳዋል፤ ለጌጥ ይሆናል እንጂ ለሳንቲም አይሆንም።

18 ዙር ገደማ ስትሠሩ 8 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እዚህ ላይ የተራረፈ ክር አንድ ደስ የሚል ነፃነት ይሰጣል፤ ክሩ ካነሰ በ15 ዙር ብታቆሙም ቦርሳ ነው። ለክዳኑ የሚሆነውን ብቻ አስቀድማችሁ ለዩ፤ ከጠቅላላው ክር ሩብ ያህል ይበላል። ቀሪው ክር ለአንድ ዙር ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ በክንዳችሁ ለኩት። አንድ ዙር ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። አራት ክንድ ካላችሁ ዙሩን ያለ ሐሳብ ትጨርሱታላችሁ።

ቦርሳው ወደ ላይ እየጠበበ ከሄደ ዓይን እየዘለላችሁ ነው። እየሰፋ ከሄደ አንድ ዓይን ላይ ሁለቴ እየሠራችሁ ነው። መስመሩ ትንሽ ወደ ጎን ዘመም ካለ ግን አትደንግጡ። በዙር የሚሠራ ነጠላ ተፈጥሮው እንደዚያ ነው።

ቀለም ሲቀየር

አዲሱን ክር የምታስገቡት የድሮው ቀለም የመጨረሻ ነጠላ ሳያልቅ ነው። ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ሲቀር አሮጌውን ክር ተዉና አዲሱን ይዛችሁ በሁለቱ ውስጥ አሳልፉ። ቀጣዩ ነጠላ በአዲሱ ቀለም ንጹሕ ሆኖ ይጀምራል። ነጠላውን ከጨረሳችሁ በኋላ ብትቀይሩ ግን የአሮጌው ቀለም ነጥብ አዲሱ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ቀለም የተቀየረበት ቦታ ትንሽ ደረጃ ይሠራል። እሱን ለማለስለስ የአዲሱን ቀለም የመጀመሪያ ዓይን እንደ ነጠላ አትሥሩት። ኪሮሹን አስገብታችሁ ክሩን በአንዴ በዓይኑም በቀለበቱም ውስጥ አሳልፉት። በሚቀጥለው ዙር እንደ ሌላው ዓይን ቁጠሩትና ነጠላ ሥሩበት። ለውጡንም ሁልጊዜ ጎን ላይ አድርጉት እንጂ ፊት ለፊት አታድርጉት።

ክሩን አትቋጥሩ። ቋጠሮ ወይ ይፈታል፣ ወይ በቀዳዳ በኩል ብቅ ብሎ ይታያል። ስንዝር ስንዝር ጭራ ትታችሁ በኋላ በመርፌ በውስጥ በኩል አስገቡት፦ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ወደ ታች። ሦስት አቅጣጫ ከሄደ አይወጣም።

ስለ ቀለም ምርጫ ብዙ አልልም። አንድ ምክር ብቻ፦ ከሁሉ የበዛውን ክር ለታችኛው ዙርና ለክዳኑ አውሉት፤ ቅንጥብጣቢውን መሐል ላይ በመስመር በመስመር አስገቡት። ያኔ የተራረፈ ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ይመስላል። ጠቆር ያለ ቀለም ታች ቢሆን እድፍም ቶሎ አያሳይም።

ክዳኑ

ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። የመነሻው ሰንሰለት ታች ቀጥ ብሎ እንዲተኛ አድርጉ። ጎኑን የምታውቁት በእሱ ነው እንጂ በመርፌ ቁልፉ አይደለም፤ ዙሩ ስለሚዘም ምልክቱ ከቦታው ሸሽቷል። አሁን ያላችሁበት ዓይን ጎን ላይ ካልሆነ ጎኑ እስኪደርስ ጥቂት ነጠላ ጨምሩ።

አንድ ሰንሰለት ሠርታችሁ ሥራውን ገልብጡት። አሁን በመጣችሁበት ተመልሳችሁ 21 ነጠላ ሥሩ። ይህ ወገን የቦርሳው ጀርባ ይሆናል። ሌላውን 21 ዓይን አትንኩት፤ እሱ የፊቱ አፍ ነው። አንድ ሰንሰለት፣ መገልበጥ፣ 21 ነጠላ። እንዲህ አድርጋችሁ አራት መስመር ጨርሱ።

ከአምስተኛው መስመር ጀምሮ በሁለቱም ጫፍ ቀንሱ። አቀናነሱ፦ ከመጀመሪያው ዓይን ክር አውጡ፤ ሳትጨርሱ ከሁለተኛውም አውጡ፤ ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ይሆናል፤ ክሩን ይዛችሁ በሦስቱም ውስጥ አሳልፉ። መጨረሻ ላይ ባሉት ሁለት ዓይኖችም እንዲሁ። 21 የነበረው 19 ይሆናል። ከዚያ 17፣ 15፣ 13፣ 11። አምስት መስመር ነው።

የቁልፉ ቀዳዳ

11 ዓይን ሲቀር አትቀንሱ። 4 ነጠላ ሥሩ፣ 3 ሰንሰለት አድርጉ፣ 3 ዓይን ዝለሉ፣ 4 ነጠላ ሥሩ። እዚሁ ቁሙና ቁልፉን በቀዳዳው አሳልፉት። ትንሽ ታግሎ ማለፍ አለበት። ዘው ብሎ ካለፈ በሁለት ሰንሰለት ድገሙት፤ የሚዘለለውንም ዓይን ሁለት አድርጉ። ክር በአጠቃቀም ይላላል እንጂ አይጠብቅም። ዛሬ ልክ የሆነ ቀዳዳ ሲውል ሲያድር ይሰፋል።

በሚቀጥለው መስመር 4 ነጠላ፣ በሰንሰለቱ ላይ 3፣ ከዚያ 4። የመጨረሻው መስመር ላይ በሁለቱም ጫፍ ቀንሳችሁ 9 አድርሱት።

ክሩን ሳትቆርጡ ዙሪያውን አንድ ጊዜ በነጠላ ጠርዙት። በክዳኑ ጎን በየመስመሩ አንድ እያላችሁ ውረዱ፤ በቦርሳው አፍ ላይ 21 ሥሩ፤ በሌላው ጎን ውጡ፤ ጫፉን ዙሩ። ማዕዘን ላይ ሁለት ሁለት አስገቡ። ክዳኑና አፉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ክሩን ጠበቅ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የሚቀረው እዚያ ነው። ይህ ጠርዝ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አፉ እንዳይለጠጥ ይይዘዋል።

ያላችሁ ቁልፍ ወፍራም እንጨት ወይም ድቡልቡል ከሆነ ቀዳዳውን ተዉት። ስትጠርዙ ክዳኑ ጫፍ መሐል ላይ 8 ሰንሰለት ያህል ሠርታችሁ እዚያው መልሳችሁ አያይዙት። ቀለበት ሆኖ ቁልፉን ያንቀዋል።

ቁልፉን መትከል

ባዶ ቦርሳ ላይ ቁልፍ አይተከልም። ብር ወይም የታጠፈ ጨርቅ ውስጡ ክተቱ፤ ክዳኑን ዝጉ፤ በቀዳዳው በኩል በእስክሪብቶ ሳይሆን በመርፌ ቁልፍ ቦታውን ምልክት አድርጉ። ባዶውን ለክታችሁ ብትተክሉ ሲሞላ አይዘጋም።

በሹራብ ክር አትስፉት፤ በቁልፉ ዓይን እየተፋተገ ይበጠሳል። የልብስ መስፊያ ክር ድርብ አድርጉ። በቁልፉና በጨርቁ መሐል አንድ የክብሪት እንጨት አስገብታችሁ አራት አምስት ጊዜ አመላልሱ። እንጨቱን አውጡ፤ ክሩን ከቁልፉ ሥር አራት ጊዜ ጠምጥማችሁ በጀርባ ቋጥሩ። ቁልፉ አጭር እግር ያገኛል፤ ክዳኑም ሳይጨማደድ ከሥሩ ይተኛል።

በውስጥ በኩል ደግሞ ከፊቱ ቁልፍ ትይዩ ሌላ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ አብራችሁ ስፉ። ቁልፉ በተሳበ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው ውስጠኛው ቁልፍ ላይ እንጂ ክሩ ላይ አይሆንም። ይህን ያላደረጉ ቦርሳዎች ቁልፋቸው ባይወልቅም ጨርቁ ይቀደዳል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ እባካችሁ አትለፉት። ለሕፃን የምትሰጡ ከሆነ ግን ቁልፍ ጨርሶ አይሁን፤ አውልቆ ሊውጠው ይችላል። በእሱ ፋንታ የሰንሰለት ማሰሪያ ሥሩለት።

ገበር

ጠበቅ አድርጋችሁ ከሠራችሁ ገበር ግድ አይደለም። ቀጭን ነገር፣ ለምሳሌ ሲም ካርድ ወይም መርፌ ለምትይዙበት ግን ጥሩ ነው። ከአሮጌ ሸሚዝ 12 በ18 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ርዝመቱን ለሁለት አጥፋችሁ ጎንና ጎኑን አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እየተዋችሁ ስፉ። አፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እጠፉ። ሳትገለብጡት ቦርሳው ውስጥ ክተቱና ከአፉ ጋር በስውር ስፌት ያዙት። አፉን ዙሪያውን ስትሰፉ ክሩን አትሳቡት፤ ይጨመድዳል።

እጥበትና መጠን መቀየር

ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና በእጅ እጠቡት። አትጠምዝዙት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፤ ከዚያ ቅርጹን አስይዛችሁ ዝርግ ነገር ላይ አድርቁት። ገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይረዝማል። በክረምት ፀሐይ ካጣችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተዉት፤ ከውስጥም ሳይደርቅ ዕቃ አትክተቱበት።

ትልቅ ከፈለጋችሁ ስሌቱ ይኸው ነው፦ የምትፈልጉትን ስፋት በሴንቲ ሜትር በሁለት አባዙና አንድ ጨምሩ። ለስልክ 9 ሴንቲ ሜትር ከፈለጋችሁ 19 ሰንሰለት ማለት ነው። ቁመቱን ስልኩን እየከተታችሁ ለኩ። የክዳኑ የመጀመሪያ መስመር ሁልጊዜ የዙሩ ግማሽ ነው። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ እየቀነሳችሁ 11 ስትደርሱ ቀዳዳውን አውጡ። የስልክ ቦርሳ ክብደት ስለሚይዝ ቀጭን ክር እንኳ ቢሆን ድርብ አድርጋችሁ ሥሩት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮችም በአንድ ቁጥር ባነሰ ኪሮሽ ሥሩ።